የንጉሥ አደን በሰንጠረዥ፤ ያልተጻፈው ታሪካችን



በ1912 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኤድዋርድ ላስከር ንግሥቱን ሠውቶ የሰር ጆርጅ ቶማስን ንጉሥ ከቤቱ አስወጣ፤ እስከ ሰሌዳው ማዶ ጠርዝ አሳድዶም በ18ኛው እርምጃ ማረከው። ይህን የምናውቀው እያንዳንዱ እርምጃ ስለ ተጻፈ ነው።

በአገራችንም መኳንንቱ ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። መክፈቻው «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ንጉሡን መማረክ ብቻውን አያስመሰግንም፤ በምን እንደ ተማረከ ይታያል። በደር ወይም በፈረስ ከሆነ ክብሩ ያንሳል፤ በደካሞቹ በፊልና በመደቅ ከሆነ ግን ይደነቃል።

የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ19ኛው መቶ ዘመን ስለ ጨዋታው ጽፈዋል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትመዋል። ደንቡ በዚህ ተርፎልናል። ያለ ተራ የሚካሄደው ወረራ ግን እንደ ላስከር ጨዋታ እርምጃ በእርምጃ ሊመዘገብ አይችልም፤ የሚያቆየው ያየ ሰው ትረካ ብቻ ነበር። ተራኪው ሲያልፍ አደኑም አብሮት አለፈ።

በጋሞ ደጋ በዱቡሻ የሚሰማው የሽማግሌዎች ቃልም እንዲሁ በትረካ የሚኖር ነው። በአርባ ምንጭ የምትማሩ ልጆቻችን፣ ተራኪዎቹ ሳሉ ጠይቁ፤ ጻፉም።