የፎርቲኔት ኤስዲ-ዋን ፈተና፦ ትእዛዞቹና የዝግጅቱ ዘዴ

የፎርቲኔት ኤስዲ-ዋን ፈተና የኔትወርክ ደኅንነት ባለሙያዎች በፎርቲጌት ፋየርዎል ላይ የኤስዲ-ዋን አገልግሎትን የማዋቀር፣ የመከታተልና ችግሩን ለይቶ የመፍታት ብቃታቸው የሚመዘንበት የሙያ ፈተና ነው። ኤስዲ-ዋን የአንድን ድርጅት በርካታ የኢንተርኔትና የግል መስመሮች በሶፍትዌር አስተሳስሮ፣ ለእያንዳንዱ የሥራ ዓይነት በወቅቱ የተሻለውን መስመር የሚመርጥ ሥርዓት ነው። ብዙዎቹ ጥያቄዎች የትእዛዝ ውጤት አሳይተው ማብራሪያውን ስለሚጠይቁ፣ ዝግጅቱ የትእዛዝ ስም ከመሸምደድ ይልቅ ውጤቱን የማንበብ ልምድ ይፈልጋል። በመሣሪያው ላይ በላቲን ፊደል የሚተየቡት ትእዛዞች በዚህ መጣጥፍ በአነባበባቸው ተጽፈዋል።

ዳራ

ፎርቲኔት እ.ኤ.አ. በ2000 በወንድማማቾቹ ኬን ዢ እና ማይክል ዢ የተመሠረተ ኩባንያ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ በካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል ይገኛል። ድርጅቶች ቅርንጫፎቻቸውን ለረጅም ጊዜ ያገናኙት ኤምፒኤልኤስ በሚባሉ ውድ የግል መስመሮች ነበር። የሥራ ሶፍትዌሮች ወደ ክላውድ ሲሻገሩ ግን የቅርንጫፉን ትራፊክ ሁሉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት አዙሮ መላክ ወጪውንም መዘግየቱንም አበዛው። ኤስዲ-ዋን የተስፋፋው ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲስኮ ቪፕቴላን፣ ቪኤምዌር ደግሞ ቬሎክላውድን ገዝተው ወደ ገበያው ገቡ። ፎርቲኔት በበኩሉ አገልግሎቱን የፎርቲጌት መሣሪያዎች በሚሠሩበት ፎርቲኦኤስ ውስጥ አካተተው። ስለዚህም በፈተናው የመንገድ ምርጫና የደኅንነት ፖሊሲ ተነጣጥለው አይታዩም።

ኩባንያው ኤንኤስኢ የተባለውን የሰርተፊኬሽን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2015 በስምንት ደረጃዎች ጀመረ። የኤስዲ-ዋን ፈተና ለብዙ ጊዜ የታወቀው በሰባተኛው ደረጃ፣ ማለትም ኤንኤስኢ 7 በሚለው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መርሐ ግብሩ ከጀማሪ እስከ ኤክስፐርት በአምስት ደረጃዎች እንደገና ተዋቀረ። እያንዳንዱ የፈተና እትም ከአንድ የፎርቲኦኤስ ስሪት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ተፈታኙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈተንበትን ስሪት ማረጋገጥ አለበት። ለምሳሌ ቀድሞ «ቨርቹዋል-ዋን-ሊንክ» ይባል የነበረው የማዋቀሪያ ክፍል በስሪት 6.4 «ኤስዲዋን» ተብሎ ተሰይሟል፤ የመመርመሪያ ትእዛዞቹም ስማቸው ተቀይሯል። በድሮ ማስታወሻ የሚያጠና ሰው መሣሪያው የማይቀበለውን ትእዛዝ ይዞ ሊቀርብ ይችላል።

አራቱ የኤስዲ-ዋን ክፍሎች

ማዋቀሩ የሚጀምረው «ኮንፊግ ሲስተም ኤስዲዋን» በሚለው ትእዛዝ ሲሆን በውስጡ አራት ዋና ክፍሎች አሉ።

አባላት፦ ትራፊኩ የሚወጣባቸው ኢንተርፌሶች ናቸው፤ የኢንተርኔት መስመርም የቪፒኤን ዋሻም ሊሆኑ ይችላሉ። በፋየርዎል ፖሊሲ ውስጥ በቀጥታ የተጠቀሰ ኢንተርፌስ፣ ማጣቀሻው ካልተነሣ በቀር፣ አባል መሆን አይችልም።

ዞኖች፦ አባላቱ የሚመደቡባቸው ቡድኖች ናቸው። የፋየርዎል ፖሊሲ የሚጻፈው በዞኑ ስም ነው።

የአፈጻጸም መለኪያ፦ መሣሪያው ወደ አንድ ሰርቨር በየጊዜው የፍተሻ ፓኬት እየላከ የመስመሩን መዘግየት፣ ጂተር የሚባለውን የመዘግየት መዋዠቅ፣ እንዲሁም የፓኬት መጥፋትን ይለካል።

ደንቦች፦ የትኛው ትራፊክ በየትኛው አባል እንደሚወጣ ይወስናሉ። ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ፤ መጀመሪያ የተስማማው ሥራ ላይ ይውላል። ከደንቦቹ ጋር የማይስማማ ትራፊክ በመጨረሻው ስውር ደንብ ይስተናገዳል፤ ይህም፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ትራፊኩን በምንጭ አድራሻው መሠረት ያከፋፍላል።

ደንቡ አባልን የሚመርጠው በአንዱ ስልት ነው፦ በእጅ በተሰጠ ቅደም ተከተል፣ በተሻለ ጥራት፣ በዝቅተኛ ወጪ ወይም፣ በቀድሞ ስሪቶች፣ ጭነትን በማከፋፈል። የዝቅተኛ ወጪ ስልት የተቀመጠውን የጥራት ገደብ ካሟሉት አባላት መካከል ወጪው ያነሰውን ይመርጣል፤ ወጪያቸው እኩል ከሆነ በደንቡ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል። የተሻለ ጥራት ስልት ደግሞ ብዙ ተፈታኞችን የሚያሳስት አንድ ጠባይ አለው። መስመሮች በትንሽ ልዩነት እየተፈራረቁ ትራፊኩን እንዳያንገላቱ የ10 በመቶ መነሻ ገደብ ተቀምጦለታል። ቀዳሚ ሆኖ የተጻፈው ፖርት 1 መዘግየቱ 110 ሚሊሰከንድ፣ የፖርት 2 ደግሞ 103 ቢሆን፣ ልዩነቱ ከገደቡ ስለማያልፍ ትራፊኩ በፖርት 1 ላይ ይቆያል። ትንሹን ቁጥር ብቻ አይቶ ፖርት 2ን የመረጠ ተፈታኝ ይሳሳታል።

ትእዛዞቹና የሚመልሱት ጥያቄ

የፎርቲኦኤስ ትእዛዞች በአምስት ዋና ቃላት ይጀምራሉ። «ኮንፊግ» ያዋቅራል፣ «ሾው» የተዋቀረውን ያሳያል፣ «ጌት» የመቼቱን ዋጋና ሁኔታ ያቀርባል፣ «ዳያግኖዝ» የውስጥ አሠራሩን ይመረምራል፣ «ኤክሰኪዩት» አንድን ተግባር ወዲያው ያስፈጽማል። የኤስዲ-ዋን ፈተና ክብደት ያለው በ«ዳያግኖዝ» ላይ ነው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ከሚመልሰው ጥያቄ ጋር አጣምሮ ማጥናት ከሁሉ የሚበጀው ዘዴ ነው።

መስመሩ ጤነኛ ነው ወይ? «ዳያግኖዝ ሲስ ኤስዲዋን ሄልዝ-ቼክ» የእያንዳንዱን አባል ሕያውነት፣ የፓኬት መጥፋት፣ መዘግየትና ጂተር ያሳያል። በመስመሩ መጨረሻ ያለው «ኤስኤልኤ ማፕ» አባሉ የትኞቹን የጥራት ገደቦች እንዳሟላ በቢት ይገልጻል፤ 1 የመጀመሪያውን ብቻ፣ 2 ሁለተኛውን ብቻ፣ 3 ሁለቱንም ማሟላቱን ሲያመለክት 0 አንዱንም አለማሟላቱን ይናገራል። ሕያው የሆነ መስመር ገደቡን ላያሟላ እንደሚችል መገንዘብ የብዙ ጥያቄዎች ቁልፍ ነው።

ደንቡ ማንን መረጠ? «ዳያግኖዝ ሲስ ኤስዲዋን ሰርቪስ» (በአዳዲስ ስሪቶች «ሰርቪስ4») የደንቡን ስልትና የአባላቱን ወቅታዊ ተራ ይዘረዝራል፤ የተመረጠው አባል «ሴሌክትድ» የሚል ምልክት ይኖረዋል።

ፓኬቱ በእርግጥ በየት ወጣ? «ዳያግኖዝ ሲስ ሴሽን ሊስት» ግንኙነቱ የተጠቀመበትን አባልና የደንቡን ቁጥር ያሳያል። «ዳያግኖዝ ዲበግ ፍሎው» ደግሞ የፓኬቱን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ይተርካል፤ ከመጀመሩ በፊት ማጣሪያ ማስቀመጥ ግን ግድ ነው፤ አለበለዚያ ውጤቱ በሌላ ትራፊክ ይጥለቀለቃል።

የመንገድ ምርጫ ቅደም ተከተል

ተፈታኞች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ክፍል ነው። ፎርቲጌት መጀመሪያ በእጅ የተጻፉ የፖሊሲ መንገዶችን ይመለከታል፤ ከዚያ የኢንተርኔት አገልግሎቶች መረጃ ቋትን መሠረት ያደረጉ መንገዶችን፣ ቀጥሎ የኤስዲ-ዋን ደንቦችን፣ በመጨረሻም መደበኛውን የመንገድ ሰንጠረዥ ያያል። በትክክል የተጻፈ የኤስዲ-ዋን ደንብ በአንድ የተረሳ የፖሊሲ መንገድ ሊታለፍ የሚችለው ለዚህ ነው። «ዳያግኖዝ ፋየርዎል ፒራውት ሊስት» የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓይነቶች አንድ ላይ ያቀርባል፤ መለያ ቁጥሩ እስከ 65535 የሆነው መደበኛ የፖሊሲ መንገድ ነው።

ሌላው መሠረታዊ ሕግ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ደንቡ የሚመርጠው አባል ወደ መድረሻው የሚያደርስ ትክክለኛ መንገድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ስለሆነም «ጌት ራውተር ኢንፎ ራውቲንግ-ቴብል ኦል» የሚለው ትእዛዝ ከኤስዲ-ዋን ትእዛዞች ሳይነጠል መጠናት አለበት። በተጨማሪም የምንጭ አድራሻቸው የተቀየረ ነባር ግንኙነቶች፣ የያዙት መንገድ እስካልጠፋ ድረስ፣ የተሻለ መስመር ቢገኝም ቦታቸውን አይለቁም። ወደ አዲሱ መስመር የሚሄዱት አዳዲስ ግንኙነቶች ናቸው።

የልምምድ ላብራቶሪ

ከስሪት 7.2.1 ጀምሮ የፎርቲጌት ቨርቹዋል ማሽን ጊዜው የማያልፍ የሙከራ ፈቃድ አለው። ፈቃዱ በ1 ሲፒዩና በ2 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ እንዲሁም በ3 ኢንተርፌሶች፣ በ3 ፖሊሲዎችና በ3 መንገዶች የተገደበ ነው። ጠባብ ቢመስልም ሁለት የውጭ መስመርና አንድ የውስጥ ኔትወርክ ያለው ቅርንጫፍ ለመሥራት ይበቃል። በሁለቱ መስመሮች ላይ የሊኑክስ ማሽን አስገብቶ ሆን ብሎ መዘግየትና የፓኬት መጥፋት መፍጠር ይቻላል።

ልምምዱ የሚጠቅመው ውጤቱን አስቀድሞ በመተንበይ ሲሠራ ነው። የመለኪያው መነሻ ዋጋ በየ500 ሚሊሰከንዱ አንድ ፍተሻ ሲሆን አምስት ተከታታይ ፍተሻዎች ምላሽ ካጡ መስመሩ እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ይህ 2.5 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። መዘግየትና ጂተር ከመጨረሻዎቹ 30 ፍተሻዎች፣ የፓኬት መጥፋት ደግሞ ከ100 ፍተሻዎች ይሰላሉ። ስለዚህ የተስተካከለ መስመር የጠፋ ፓኬት መቶኛው ወደ ዜሮ እስኪመለስ እስከ 50 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ የሚቃረኑ የሚመስሉ ቁጥሮች በፈተና ላይ ሲያጋጥሙት አይደናገርም።

የፈተናው ደንቦችና ሥነ ምግባር

ፈተናው በፒርሰን ቪዩ በኩል ይሰጣል። ብዙ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነጥብ የሚያስገኘው ሁሉም ምርጫዎች ትክክል ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ለተሳሳተ መልስ ግን ነጥብ አይቀነስም። ያላለፈ ተፈታኝ እንደገና ለመቀመጥ 15 ቀን ይጠብቃል፤ የተገኘው የምስክር ወረቀት ለ2 ዓመት ያገለግላል። የፎርቲኔት ማሠልጠኛ ተቋም በራስ ፍጥነት የሚወሰዱ ትምህርቶችን በነፃ ያቀርባል።

ከፈተና የወጡ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው የሚሸጡ ስብስቦች በገበያ ላይ አሉ። እነርሱን መጠቀም ተፈታኙ የሚፈርመውን ስምምነት ይጥሳል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ራሱን ተፈታኙንና ነገ የሚቀጥረውን ድርጅት ነው፤ የባንክ ቅርንጫፍ ወይም ሆስፒታል ግንኙነቱ ሲቋረጥ የተሸመደደ መልስ መስመሩን አያስነሣም። እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ላብራቶሪ አይቶ ምክንያቱን ማስረዳት የቻለ ባለሙያ ግን ፈተናውንም ያልፋል፤ የተሰጠውን ኔትወርክም በኃላፊነት ይጠብቃል።