ከቴአትር ቤት ደጃፍ ስለሚጠብቁ ሰዎች

የታወቀ ሰው ለማየት ከመንገድ ዳር ቆሞ መዋል የሥራ ፈቶች ጠባይ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ልማዱ የራሱ ታሪክ እንዳለው ስለ ተረዳን፣ በጋሞ አገር የምናውቀውን በአዲስ አበባ ካየነው ጋር አስተያይተን ይህን አነስተኛ ጽሑፍ ለአንባቢ ለማቅረብ ወደድን።

የተወለድነውና ያደግነው በካምባ ነው። በልጅነታችን ሲኒማ ቤት ምን እንደ ሆነ አናውቅም ነበር፤ መጠበቅን ግን በሚገባ ተምረናል። አንድ ቀን ከአርባ ምንጭ ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ እኛ ተማሪዎች ቅጠል ይዘን ከጧት ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፍን። ፀሐይ መታን፤ ቀጥሎም ዝናብ መታን። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መኪናው መጣና መስተዋቱን እንደ ዘጋ አልፎ ሄደ። ከመካከላችን ፊቱን ያየ አንድም አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ማታ በየቤታችን የሰውየውን መልክ ያላወራ ልጅ አልተገኘም።

ይህ ዓይነቱ መጠበቅ ለጋሞ ሕዝብ እንግዳ ነገር ነው። ምክንያቱም በደጋው አገር፣ በተለይ በዶርዜና በዶኮ፣ ሰው ተሰብስቦ አንድን ሰው የሚያይበት ሌላ ሥርዐት አለ፤ እርሱም ሶፌ ይባላል። ሃላቃ ሆኖ የተሾመ ሰው ሹመቱ የሚጸናለት ወደ ገበያ ወጥቶ በሕዝብ ፊት ሲዞር ነው። ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል፤ የሰጎን ላባም ይሰካለታል። በመስቀል ሰሞን አዲስ ሙሽሮች እንዲሁ በገበያው መካከል እየዞሩ ይታያሉ። ገበያተኛውም ቆሞ ይመለከታል። እዚህ ላይ ልናሳስብ የምንወደው ነገር ቢኖር፣ ሃላቃው ወደዚያ አደባባይ የሚደርሰው አገሩን ደግሶ ካበላ በኋላ መሆኑን ነው። ከብቱንና ገንዘቡን ጨርሷል፤ ባለ ዕዳ ሆኖ የሚቀርም አይታጣ ይሆናል። ስለዚህ የሚያዩት ሰዎች ከእርሱ የበሉ ናቸው፤ ማየታቸውም ምስክርነት ነው እንጂ ልመና አይደለም።

የፊልም ምረቃ ግን ከሌላ አገር የመጣ ሥርዐት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሲድ ግራውማን የተባለው ነጋዴ በሆሊውድ ያሠራውን የግብፅ ቅርጽ ያለው ቴአትር «ሮቢን ሁድ» በሚባለው ፊልም ሲከፍት፣ ተዋንያኑን ለማየት ሕዝቡ ከውጭ መቆሙ ራሱ የትርኢቱ ክፍል ሆነ። ፌሊኒም እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው «ላ ዶልቼ ቪታ» በተባለው ፊልም ውስጥ ፓፓራትዞ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ አለ። ዝነኞችን አድፍጠው የሚያነሱ ሁሉ ፓፓራዚ የተባሉት ከዚሁ ስም ነው።

በእኛ አገር ሲኒማ ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ከሰይጣን ቤት ደጃፍ ደግሞ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ኂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ታየ። ያን ጊዜ ሕዝብ በብዛት ወጥቶ የሚጠብቀው ተዋናይን ሳይሆን ንጉሠ ነገሥቱን፣ የውጭ አገር እንግዳን ወይም እንደ አበበ ቢቂላ ያለውን ድል አድራጊ ነበር። መጠበቅ ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን የታየው ግን በባዕድ አገር ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካ ሲደርሱ ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ የተሰበሰበው ሕዝብ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ሞርቲሞ ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያውያን መሪ ወጥቶ ሕዝቡን እስኪያረጋጋ ድረስ ጃንሆይ ከአውሮፕላኑ ሳይወርዱ ቆዩ።

ወደ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ እንመለስ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በዚያ ቤት «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ ፊልም ሊመረቅ ነበር። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ፣ አንጀሊና ጆሊም ስሟን የሰጠችው ነው። የሚተርከውም በ14 ዓመቷ ለጋብቻ ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ተኩሳ ስለ ገደለችና ፍርድ ቤት ነፃ ስለ ለቀቃት ልጅ ነው። እንግዶች ገብተው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ዳይሬክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ፊልሙ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱን ነገራቸው። አቤት ያለችው ታሪኩ የደረሰባት ሴት ራሷ ነበረች። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ታይቷል። በበኩላችን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ያ ምሽት ነው፤ ያ ሁሉ ሰው የርሷን ሕይወት ለማየት መጥቶ ሳለ የርሷ ድምፅ የተሰማው በፖሊስ እጅ በመጣ ወረቀት ነው። በፊልሙ ውስጥ የልጅቷ ስም ሂሩት መባሉንም ልብ ይሏል።

ይህን ካወቅን በኋላ በዚያው ደጃፍ በአንድ ሌላ ፊልም ምረቃ ላይ ለመገኘት ወሰንን፤ የመግቢያ ጥሪ ስላልነበረን ቦታችን ከጠባቂዎቹ ጋር ሆነ። ከድንጋዩ አንበሳ አጠገብ ቆምን። አንድ ሊስትሮ፣ ቁመቱ አጭር ሆኖበት፣ እንደ ዘኬዎስ ከፍ ያለ ነገር ፈልጎ የሥራ ሣጥኑ ላይ ወጣ። ፎቶግራፍ አንሺዎቹ ተዋንያኑን በስማቸው እየጠሩ «ወደዚህ! ወደዚህ!» ይላሉ፤ ሕዝቡም ስልኩን ከራሱ በላይ አንሥቶ ያነሣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሦስት ሰዓት የጠበቁትን ሰው ያዩት በመዳፍ በምታክል መስተዋት ውስጥ ነው። ይህ ከካምባው መኪና መስተዋት ይሻላል ወይስ አይሻልም፣ በመካከላችን ክርክር ሆኖ ቀረ።

ከአጠገባችን አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ቆመው ነበር። አነጋገራቸው የአገራችን ሰው ስለ መሰለን በጋሞኛ ሰላምታ ብናቀርብላቸው ደስ አላቸው። ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ማንን ሊያዩ መጡ?» ብንላቸው ሣቁና «ቀሚሱን ነዋ!» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ ምሽቶች ተዋናዮቹ የሚለብሱት የሐበሻ ቀሚስ አብዛኛው የሚሸመነው በሽሮ ሜዳና በጉለሌ አካባቢ ነው፤ ከሸማኔዎቹም ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ፣ ከተሜው ከየትኛውም ቀበሌ ይምጡ ሁሉንም «ዶርዜ» የሚላቸው ናቸው። እኚህ ሰው አንድ ጥበብ ሠርተው ለነጋዴ ሸጠው ነበር፤ ነጋዴዋም ዛሬ ማታ እዚህ እንደሚለበስ ነገረቻቸው። ተዋናይዋ ከመኪና ስትወርድ ሕዝቡ ጮኸ፤ ፎቶግራፍ አንሺዎቹም ተጋፉ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው በሰው እግር መካከል የቀሚሱን ጫፍ ይመለከቱ ነበር። ከገባች በኋላ ቀና አሉና፣ «ጥለቱ የእኔ ነው፤ እታች ላይ ማጉ ሳስቷል፤ ለፋሲካ ካልደረሰ ብለው አጣደፉኝ» አሉን። ፊቷን አይተው እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። አላዩም።