ሃያ ስምንተኛው ቀን

የወባ መድኃኒት ታሪካችን ሲነሳ ሰው የሚቆጥረው የኪኒኖቹን ስም ነው፦ ክሎሮኪን፣ ፋንሲዳር፣ ኮአርተም። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የደም ስላይድ ሳነብ ስለኖርኩ የምቆጥረው ቀኖችን ነው። ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አሥራ አራተኛው፣ ሃያ ስምንተኛው። አንድ መድኃኒት መሥራቱ የሚታወቀው ታማሚው ኪኒኑን ፊታችን ውጦ፣ በእነዚህ ቀኖች እየተመለሰ ደም ሲሰጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወባ ወይና ደጋ አገሮችን ፈጅቷል። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፋት አገልግሎት ተቋቋመ። የዘመኑ ዋና መድኃኒት ክሎሮኪን ነበር።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ክሎሮኪንን የተላመደ ወባ በታይላንድና በካምቦዲያ ድንበር እንዲሁም በኮሎምቢያ ታየ። ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን እኛ ዘንድ ምልክቱ የተመዘገበው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። አገር አቀፍ ጥናት የተካሄደው ግን በ1997 እና 98 ነበር። ውጤቱ አስደንጋጭ ሆነ፤ በፋልሲፓረም ወባ ከተያዙት መቶ ታማሚዎች 65 ያህሉን ክሎሮኪን አላዳናቸውም። በ1998 ፋንሲዳር ተካው። በመካከሉ ባለፉት ከአሥር በላይ ዓመታት ስንት እናት ልጇን ኪኒን አጉርሳ ቀብራለች!

ፋንሲዳር ዕድሜው አጠረ። በ2003 መገባደጃ፣ በወባና በአጨዳ ወቅት፣ በአሥራ አንድ ጣቢያዎች ተፈተነ። ክትትል ላይ የሠራ ሁሉ የዚህን ወቅት ችግር ያውቀዋል። ትኩሳቱ የበረደለት ሰው ማሳው ላይ ነው፤ ልንፈልገው መንደሩ ድረስ እንሄዳለን። «እህቴ፣ ልጁ ድኖ እየሮጠ ነው፤ ደሙን ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?» ያለችኝን እናት አልረሳትም። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ መልሱ ግን ስላይዱ ላይ ነው። በዚያ ጥናት እስከ አሥራ አራተኛው ቀን መድኃኒቱ የከሸፈባቸው 36 በመቶ ያህል ነበሩ። እስከ ሃያ ስምንተኛው ቀን በተደረገው ክትትል ቁጥሩ ወደ 72 በመቶ ደረሰ። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ እየቀነሰ ሲሄድ የተረፉት ጥቂት ተዋህሲያን እንደገና ይራባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት ይቀየር የሚለው ክሽፈቱ አሥር በመቶ ሲደርስ ነው። በ2004 ኮአርተም ገባ። ክሎሮኪንን ለመተው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶብን ነበር፤ ፋንሲዳርን በስድስት ዓመት የተውነው ክትትል ስለነበረ ነው።

ዛሬ ተራው የኮአርተም ነው። በ2017 እና 18 ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰበ ደም ከመቶ ስምንት ያህሉ ናሙና አርቴሚሲኒንን ከመላመድ ጋር የተያያዘ የዘረመል ለውጥ ተገኝቶበታል። ከነዚህ ተዋህሲያን አንዳንዶቹ ፈጣን መመርመሪያውም አያገኛቸውም። በኮአርተም ውስጥ ያለው ሁለተኛው መድኃኒት፣ ሉሜፋንትሪን፣ ስለሚያግዝ ሕክምናው እስካሁን ያድናል። ዕድሜው የሚረዝመው ግን እኛ ከጠበቅነው ነው።

ስለዚህ የታዘዘላችሁን ኮአርተም ሦስቱንም ቀን ጨርሱ፤ ለጎረቤት አታካፍሉ። በክትትል ያላችሁ ደግሞ ብትድኑም በሃያ ስምንተኛው ቀን ተመለሱ። የጤና ቢሮዎችም ለማይክሮስኮፕና ለክትትል ሠራተኛ በጀት አትንፈጉ።