በከፍታ ስም የተባረሩት

ወደ አቀስታ የወጣ የአዲስ አበባ ልጅ ብርዱና የትንፋሽ ማጠሩ ይቀበሉታል። የለጋምቦ ሰው ግን ያንኑ ዳገት እህል ተሸክሞ፣ እያወራ ያልፈዋል። ከፍታ ለሁሉም ሰውነት አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ እኛ ላቦራቶሪ አላስፈለገንም። ላቦራቶሪው ግን መጥቶ አረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክሲጅን በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን፣ ከቆላ ሰው እምብዛም እንደማይለይ አሳየ።

ይህን ያነሳነው አሜሪካኖች በከፍታ ስም ስላባረሯቸው የአየር ኃይል ተማሪዎች ልናወጋችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1969 ቴክሳስ ፎርት ብሊስ ውስጥ አራት ጥቁር ምልምል ወታደሮች ከሥልጠና ጋር በተያያዘ ሞቱ። ሲመረመሩ የሲክል ሴል ጂን ተሸካሚዎች ነበሩ። ጂኑ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ቀይ የደም ሴሎችን እንደ ማጭድ የሚያጎብጥ ከባድ በሽታ ያመጣል። ከአንዱ ብቻ ከተወረሰ ግን ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ከከባድ ወባ ይከላከልለታል። ወባ በበዛባቸው የአፍሪካ አካባቢዎች የተስፋፋውም ለዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ኮሚቴ ተሸካሚዎች አብራሪ እንዳይሆኑ መከረ። ኮሎራዶ ውስጥ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚማ ባሰ፤ ጭራሹኑ በሩን ዘጋባቸው፣ ገብተው የተገኙትንም አሰናበተ። አቀስታ ከዚያ አካዳሚ በብዙ መቶ ሜትር እንደምትበልጥ ልብ በሉልን! ደንቡ የቆዳ ቀለም አይጠቅስም፤ የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ጥቁሮችን ነበር። አንድ የተሰናበተ ካዴት መድልዎ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1981 እገዳው ተነሳ።

ሐኪሞቹ ያለ ምክንያት ፈሩ አንልም። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 48,000 በሚጠጉ ጥቁር የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተሠራ ጥናት ተሸካሚዎቹ ከሌሎቹ የበለጠ እንዳልሞቱ፣ ነገር ግን ከከባድ ድካም የሚመጣ የጡንቻ መፍረስ አደጋቸው በ54 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቷል። አደጋው እውነት ነው። መከላከያው ግን ውኃ፣ ዕረፍትና ቀስ ብሎ መልመድ ነው፤ ማባረር አይደለም።

የአብራሪ ምርመራ ይጥበቅ፤ ሰማይ ቀልድ አያውቅም። ግን «አትችልም» የተባለ ወጣት ሁሉ አንድ ነገር የመጠየቅ መብት አለው፤ የመረመራችሁት እኔን ነው ወይስ ወገኔን?