ባሮሜትሩ ወርዷል፣ ሰማዩ ግን ጠርቷል

የባሕር አደጋ ሲነሣ መቼም ሁላችንም አፍ ላይ ቀድማ የምትመጣው ታይታኒክ ናት። ፊልሙን አይተን አልቅሰንላታል። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ትልቅ መርከብ አይደለም። ጠዋት ከወደብ ወጥተው፣ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ዓሣ ሲያጠምዱ ውለው፣ ማታ ቤታቸው ስለሚገቡ ትናንሽ የሸራ ጀልባዎች ነው።

ቦታው አይማውዝ ይባላል። በደቡብ ምሥራቅ ስኮትላንድ፣ በሰሜን ባሕር ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ቀኑ ደግሞ ዓርብ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1881። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1874፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነግሠው ሳለ መሆኑ ነው። በዚያ ሳምንት ባሕሩ ሲናወጥ ስለሰነበተ ጀልባዎቹ ከወደብ መውጣት አልቻሉም ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ አለ። በዚህ ያልተስማማ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በወደቡ የቆመው ባሮሜትር። የአየሩ ግፊት ክፉኛ መውረዱን ይናገራል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ቻርልስ ዳርዊንን በቢግል መርከብ ይዞ ዓለምን የዞረው ካፒቴን ሮበርት ፊትዝሮይ ነው። በ1859 ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰብራ ከ400 በላይ ሰው ሲሞት፣ ፊትዝሮይ «ይህ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል» ብሎ ተነሣ። በ1861 በቴሌግራፍ ወደየወደቡ የማዕበል ማስጠንቀቂያ መላክ ጀመረ። ድሆች ዓሣ አጥማጆች ባሉበት ወደብ ባሮሜትር እንዲቆም የደከመም እሱ ነው። ትንበያው በሳተ ቁጥር ግን ጋዜጦቹ ይሳለቁበት ነበር። በ1865 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። በማግሥቱ ዓመት ማስጠንቀቂያው ተቋረጠ፤ ባሕረኞቹ ሲጮኹ በ1867 ተመለሰ። ሊቃውንቱ የናቁትን ነገር ጀልባ ላይ የሚውለው ሰው መልሶ ጠየቀው ማለት ነው።

ታዲያ የአይማውዝ ሰዎች ባሮሜትሩን እያዩ ለምን ወጡ?

ቀላሉ መልስ «ግትሮች ስለነበሩ» የሚለው ነው። እኛ አንቀበለውም። ጀልባዋ ከመውጣቷ በፊት ሚስቶችና ልጆች ዛጎል ለቅመው፣ ሥጋውን ፈልቅቀው፣ በመቶ የሚቆጠሩ መንጠቆዎች ላይ አንድ በአንድ ይሰኩት ነበር። የተሰካው ሥጋ ደግሞ ቀን አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ዓሣ ካልተያዘ ገቢ የለም፤ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ አንዷ ጀልባ ሸራዋን ከዘረጋች ሌላው ቆሞ ማየት ይከብደዋል። «ፈራ» መባል በትንሽ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ለአበሻ ማስረዳት ያስፈልጋል? ሰማዩም እንደዚያ እየሳቀ!

ወጡ። እኩለ ቀን ገደማ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረ፣ ዐውሎ ነፋሱም ወረደ። አብዛኞቹ መንጠቆአቸውን ጥለው ወደ ቤት አቀኑ። የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ በማዕበል ጊዜ ለጀልባ ከባሕሩ ይልቅ ዳርቻው ይከፋል። የአይማውዝ ወደብ ጠባብ ነበር፤ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው አይበቃውም። መግቢያው ላይ ደግሞ ኸርካር የሚባሉ ዐለቶች አሉ። ጀልባዎቹ እዚያው፣ ሚስቶችና እናቶች ከዳር ቆመው እያዩ፣ ተሰባበሩ። ገመድ ቢወረወር እንኳ የማይደርስበት ጥቂት ርቀት ነበር የቀረው። ኤሪኤል ጋዜል የተባለችው ጀልባ ግን ወደ ጥልቁ ባሕር ፊቷን አዙራ ማዕበሉን እዚያው ተጋፈጠችው። ሁሉም ሞታለች ሲል ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ፣ እሑድ፣ ከነሰዎቿ ገባች።

በዚያ ቀን 189 ሰው ሞተ። 129ኙ ከአይማውዝ ብቻ ናቸው፤ ከጎረቤቷ በርንማውዝ 24፣ ከትንሿ ኮቭ 11። ወንድ ያልሞተበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ወደቡስ ለምን አልሰፋም? አንዱ ምክንያት የሚገርም ነው። የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ከዓሣው ላይ ዐሥራት ይሰበስብ ስለነበር፣ አጥማጆቹ ከዚህ ግዴታ ለመውጣት ለዓመታት ተሟግተው በመጨረሻ በገንዘብ ነው የተገላገሉት። ጉልበቱም ገንዘቡም እዚያ አለቀ። የተሻለ ወደብ ቢኖር ስንቱ በተረፈ ብለን እናስባለን። ለመበለቶቹና ለልጆቹ ግን ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ተዋጣ። ለወደቡ ያልተገኘው ገንዘብ ለሐዘኑ ተገኘ።

በ1981፣ በመቶኛው ዓመት፣ የከተማዋ ሴቶች ያን ቀን በጥልፍ ሠሩት። በ2016 ደግሞ ወደቡ አጠገብ የነሐስ ሐውልት ቆመ። ትናንሽ ምስሎች ናቸው፤ ሴቶችና ልጆች፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው የቆሙ።