ዞማ ሙዚየም

ዞማ ሙዚየም በአዲስ አበባ መካኒሳ የሚገኝ፣ ኪነ ጥበብን፣ አገርኛ የግንባታ ጥበብንና የአካባቢ ጥበቃን ያዋሃደ ተቋም ነው። የሥነ ሰብ ባለሙያዋና የኪነ ጥበብ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ከሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ጋር መሥርታው በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ተከፈተ። ስሙ በወጣትነት በካንሰር ያረፉትን ሠዓሊ ዞማ ሽፈራውን ያስታውሳል።

ግንባታ፦ ሕንፃዎቹ በዋናነት ከእንጨት፣ ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ናቸው። በጭቃ ቤት አሠራር አፈሩ በውኃ ይቦካል፤ ጭድ ይገባበትና እየተረገጠ እንዲብላላ ይተዋል፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያያይዘዋል። ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የተለመደ ነው። የዞማ ልዩነት ልስኑን ወደ ሥነ ጥበብ ማሳደጉ ነው፤ ግድግዳዎቹ በእጅ በተቀረጹ ጠመዝማዛ ቅርጾች ያጌጡ ናቸው። አፈርና ጭድ ከቅርብ ስለሚገኙና ሲሚንቶን ስለሚተኩ፣ ሲሚንቶ ለማምረት የሚወጣው ኃይልና የሚለቀቀው ካርቦን ይቀንሳል።

ግቢውና ማኅበረሰቡ፦ ግቢው የአትክልት ስፍራ፣ የቤት እንስሳትና የልጆች ትምህርት ቤት አለው፤ ሕፃናት ከአፈርና ከተክል ጋር እየተዋወቁ ይማራሉ።

ተያያዥ ሥራ፦ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ በሚሰበስባቸው አሮጌ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችና ሰሌዳዎች በሚሠራቸው ሰፋፊ የጥበብ ሥራዎች በዓለም ይታወቃል።