የካሮቱ ክኒንና የፊንላንድ አጫሾች

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የፊንላንድ ወንዶች በሳንባ ካንሰር ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ተርታ ይቆጠሩ ነበር። ምክንያቱ ሲጋራ እንደሆነ ሐኪሞቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ያስጨነቃቸው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያጨስ የኖረውና ለመተው የተሳነው ሰው ጉዳይ ነበር። ለእርሱስ ምን ይደረግ?

ተስፋ የተጣለው በቤታ ካሮቲን ላይ ነው። ካሮትንና ዱባን ብርቱካንማ የሚያደርገው፣ በጎመን ቅጠል ውስጥም የሚገኘው፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ማለት ነው። አትክልት አዘውትረው የሚበሉና በደማቸው ውስጥ ብዙ ካሮቲን ያላቸው ሰዎች በካንሰር እምብዛም እንደማይያዙ የሚያሳዩ ጥናቶች እየተከማቹ መጥተው ነበር። በ1981 ሪቻርድ ፔቶ፣ ሪቻርድ ዶል እና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ላይ ጉዳዩን አነሡት። ጠንቃቆች ነበሩና ርዕሱን በጥያቄ መልክ አቀረቡት፤ መልሱ የሚገኘውም በሰዎች ላይ በሚደረግ ሙከራ ብቻ መሆኑን አሳሰቡ።

ተስፋው ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። ቫይታሚኖች ሰው ሲያድኑ ታይተዋል። ጄምስ ሊንድ በ1747 በስከርቪ የሚሠቃዩ መርከበኞችን በብርቱካንና በሎሚ አገግመው እንዲነሡ አድርጓል። በኢንዶኔዥያዋ አቼ የተካሄደውና በ1986 የታተመው የአልፍሬድ ሶመር ቡድን ጥናት ደግሞ የቫይታሚን ኤ እንክብል የሕፃናትን ሞት በሲሶ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎችም ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጡት ይህንኑ ነው። የጎደለበትን ሰው ጉድለቱን መሙላት ያድናል። ያልጎደለበት ላይ መጨመርስ? ይህ ገና አልተፈተነም ነበር።

የፊንላንድ ብሔራዊ የሕዝብ ጤና ተቋም ከአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ጋር ሆኖ ፈተናውን ጀመረ። ከ1985 እስከ 1988 ባለው ጊዜ በደቡብ ምዕራብ ፊንላንድ 29,133 ወንድ አጫሾች ተመዘገቡ፤ ሁሉም ከ50 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ያላቸው። በአማካይ በቀን አንድ ፓኮ፣ ያውም ለ36 ዓመት ያህል ያጨሱ ነበሩ። በዕጣ በአራት ተከፈሉ፦ ለአንዱ ወገን በቀን 20 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን፣ ለሌላው ቫይታሚን ኢ፣ ለሦስተኛው ሁለቱም፣ ለአራተኛው መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ተሰጠ። ማን ምን እንደሚወስድ ሐኪሙም ሆነ አጫሹ አያውቅም። ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት እንዲህ ቆዩ።

ውጤቱ በሚያዝያ 1994 ታተመ። ቤታ ካሮቲን ከወሰዱት መካከል 474 ሰዎች የሳንባ ካንሰር ሲይዛቸው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 402 ተያዙ። ቤታ ካሮቲን የደረሳቸው በካንሰሩ የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ጠቅላላ ሞታቸውም በ8 በመቶ በለጠ።

አጥኚዎቹ ያልጠበቁትን ውጤት ሳይሸሽጉ ይፋ ማድረጋቸው ሊመሰገን ይገባል። ብዙዎች ግን አጋጣሚ ነው ብለው ተጠራጠሩ። ጥርጣሬውን የሰበረው በሲያትል ከተማ የሚመራ ሌላ ሙከራ ነው። 18,314 አጫሾች፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎችና ከአስቤስቶስ ጋር የሠሩ ሠራተኞች በቀን 30 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኤ፣ አለዚያም ባዶውን እንክብል ይወስዱ ነበር። በጥር 1996 ሙከራው ከታቀደለት ጊዜ 21 ወር ቀድሞ ቆመ። ክኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ28 በመቶ፣ ሞት በ17 በመቶ በልጦ ነበር። በዚያው ወር ይፋ የሆነ፣ ከ22,000 በላይ አሜሪካዊ ሐኪሞችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ደግሞ ከቤታ ካሮቲን ጥቅምም ጉዳትም አላገኘም፤ አብዛኞቹ አጫሾች አልነበሩም።

ከሁሉ የሚያስገርመው በፊንላንዱ ጥናት ውስጥ ያለ ሌላ ግኝት ነው። ሙከራው ሲጀመር በደማቸው ውስጥ ብዙ ካሮቲን የነበራቸው ሰዎች በእርግጥም በሳንባ ካንሰር እምብዛም አልተያዙም። የቀደሙት ጥናቶች ያዩትን በትክክል አይተው ነበር ማለት ነው። የተሳሳተው ትርጓሜው ነው። በደም ውስጥ ያለው ካሮቲን ሰውየው አትክልት እንደሚበላ የሚመሰክር ምልክት ነበር፤ ምልክቱን ብቻ ነጥሎ በክኒን መዋጥ ሙሉውን ማዕድ አይተካም። በ1999 ደግሞ ፌሬት የተባሉ ትናንሽ እንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት፣ ብዙ ቤታ ካሮቲን በሲጋራ ጭስ ከታፈነ ሳንባ ጋር ሲገናኝ ለካንሰር መንደርደሪያ የሚሆን የሕዋስ ለውጥ እንደሚከተል አሳየ።

የቻይናዋ ሊንሺያን ግን ሌላ ታሪክ አላት። በሄናን ግዛት ባለችው በዚህች ወረዳ የምግብ ቧንቧና የጨጓራ ካንሰር ብዙ ሰው ይጨርስ ነበር፤ የሕዝቡም ምግብ በቫይታሚንና በማዕድን ደካማ ነበር። ወደ 30,000 የሚጠጉ ነዋሪዎች በተሳተፉበት ሙከራ ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየምን አንድ ላይ የወሰዱት በካንሰር የመሞታቸው መጠን በ13 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የታተመው በ1993፣ ፊንላንዳውያኑ የራሳቸውን ከማሳተማቸው ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ሁለቱ ጥናቶች የተቃረኑ ይመስላሉ፤ እኔ ግን አንዱ ሌላውን የሚያብራራ ሆኖ አገኘዋለሁ። እዚያ የተሞላው ጉድለት ነበር፤ እዚህ የተጨመረው በቂ ላይ ነው።

ገበያው ይህን ልዩነት እስኪማር አልጠበቀም። የፊንላንዱ ውጤት በታተመበት በዚያው በ1994 በጥቅምት የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ የምግብ ማሟያ አምራቾች ዕቃቸውን ከመሸጣቸው በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት እንዲያስመሰክሩ አላስገደደም። ብልቃጦቹ ዛሬ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባም ይገባሉ። ጉዳቱም በቤታ ካሮቲን ብቻ አላበቃም። በ2001 የተጀመረውና 35,533 ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ቫይታሚን ኢና ሴሊኒየም የፕሮስቴት ካንሰርን ይከላከሉ እንደሆነ ጠየቀ፤ በ2008 ቆመ፤ በ2011 በታተመው ክትትል ቫይታሚን ኢ ብቻውን የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ17 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ትምህርቱ ወደ ሌላ ክፍል ተሻግሯል። በዕድሜ የሚመጣ የዓይን መዳከምን ለማዘግየት ይሰጥ የነበረው የቫይታሚን ቅመም ቤታ ካሮቲን ነበረበት። በ2013 የታተመ ጥናት ቤታ ካሮቲኑን ከወሰዱት መካከል የሳንባ ካንሰር መብዛቱን ካሳየ በኋላ በሉቲንና በዚያዛንቲን ተተካ፤ ከታመሙት አብዛኞቹ ቀድሞ ያጨሱ የነበሩ ናቸው። አሮጌው ቅመም ግን አሁንም በአንዳንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚገኝ፣ ሲያጨስ የኖረ ሰው የዓይን ክኒን ሲገዛ ከብልቃጡ ጀርባ የተዘረዘሩትን ንጥረ ነገሮች ማንበብ ይኖርበታል።